የማዞሪያው ክብሪት

«እኔ ምሳ ስወጣ ያ መስመር ወዴት ይሄዳል? እሱን ብቻ ንገረኝ።»

«ወደ ባለቤቱ ነዋ፣ እትዬ ታንጉት።»

«ባለቤቱ ማነው?»

«አንደኛው የውጭ መስመር ለዘበኞች፣ ሁለተኛው ለሽመና፣ ሦስተኛው ለክሊኒኩ። እርስዎ እስኪመለሱ በቀጥታ እዚያ ይጮኻል። ሰው መሐል አይገባም።»

«ሰው መሐል ካልገባ መርዶ ሲመጣ ማን ይቀበለዋል?»

«ምሳ ሰዓት ላይ መርዶ ስንት ጊዜ ይመጣል?»

«አንተ ልጅ፣ አንድ ጊዜ ከመጣ መች አነሰ?»

ሳቅሁ። ካቻቢቴውን በጥርሴ ነክሼ ስለነበር ሳቄ እንደ ሳል ወጣ። ከዚያ ካቻቢቴውን አወጣሁና እንደ አስተማሪ ማስረዳት ጀመርሁ። «አዲሷ ማሽን ማን እንዳነሳ፣ መቼ እንዳነሳ፣ ምን ያህል እንዳወራ ትጽፋለች። ሁሉም ጥሪ በእርስዎ በኩል ካለፈ የምትጽፈው የእርስዎን ቁጥር ብቻ ነው። የፋብሪካው ወሬ ሁሉ በእርስዎ ስም ይሆናል።»

«ይሁና» አሉኝ። «በስሜ ይጻፍ።»

ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መለሱና ወደ አሮጌው ሰሌዳቸው ዞሩ። እኔም መስመሩን እንዳሰብሁት መራሁት።

ሰዎች ያን ሥራ ለምን እንደለቀቅሁ ይጠይቁኛል። አሁን የምውለው መሸንቲ፣ ወፍጮ ቤት ነው። እህል እመዝናለሁ፣ የሞተሩ ቀበቶ ሲበጠስ እቀጥላለሁ፣ ማታ ዱቄቴን አራግፌ የመጣልኝን እጽፋለሁ። ወፍጮ ቤቱ ስልክ የለውም፤ ቢኖረውም በጩኸቱ አይሰማም። «ያን የመሰለ ሥራ፣ ጥላ ሥር፣ ነጭ ጋዋን ለብሰህ» ይሉኛል። «አልስማማ አለኝ» እላቸዋለሁ። ሐሰት ነው። ሥራው በጣም ተስማምቶኝ ነበር። የሚያሳፍረኝም እሱ ነው።

የዘንዘልማ ቄስ ልጅ ነኝ። አባቴ ዳዊት ከደገምሁ በኋላ ቅኔ ቤት ሊያስገቡኝ አስበው ነበር። እኔ ግን አንድ ቦታ መቀመጥ የማልችል፣ የተዘጋ ነገር ሁሉ ካልከፈትሁ የማላርፍ ልጅ ነበርሁ። የጎረቤት ራዲዮ ፈትቼ ስገጥመው አንድ ብሎን ተረፈኝ፤ ራዲዮው ግን ከበፊቱ ይልቅ ጠርቶ ተናገረ። አባቴ ይህን አይተው «እንግዲህ የዚህ ልጅ ቅኔ ሌላ ነው» አሉና ተዉኝ። ግጥም ከዚያ በኋላ ብቻዬን ጀመርሁ። ያስተማረኝ የለም፤ ያረመኝም የለም፤ ይኼም ጉዳት አለው።

ባሕር ዳር እንደገባሁ በመጀመሪያ ያገኘሁት ሥራ የስልክ ምሰሶ መውጣት ነበር። በሐይቁ ዳር ያሉትን ምሰሶዎች ምስጥ ከሥር ይበላቸዋል፤ ከላይ ደግሞ የታና እርጥበት የሽቦውን ጫፍ አረንጓዴ ያደርገዋል። አለቃዬ ባሻ ዓለሙ የሚባሉ አሮጌ የመስመር ሠራተኛ ነበሩ። እኔ ላይ ሆኜ እሳቸው ከታች ቆመው ይሰድቡኛል። ስድባቸው ቤት ይመታል። በእውነቱ ከሆነ የግጥም አስተማሪዬ እሳቸው ሳይሆኑ አይቀሩም። ሁለት ክረምት ከእሳቸው ጋር ከሠራሁ በኋላ ወደ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተዛወርሁ። የፋብሪካውን ስም አልጠራም። የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል ካለፈ በኋላ ነው፤ በየግንቡ የተቀባው ቀለም ገና አልለቀቀም ነበር።

እትዬ ታንጉትን ያገኘሁት እዚያ ነው። የፋብሪካው የስልክ ማዞሪያ እሳቸው ነበሩ። ማዞሪያው እንደ ቁም ሣጥን የቆመ፣ ፊቱ ቀዳዳ በቀዳዳ የሆነ ሰሌዳ ነው። እያንዳንዱ ቀዳዳ አንድ የውስጥ መስመር ነው፤ ከውጭ የተደወለውን ገመድ በመሰኪያው ይዘው የሚፈለገው ሰው ቀዳዳ ውስጥ ይሰኩታል። እኔ የተቀጠርሁት ገመዱ ሲላላ ላጠብቅ፣ አምፖሉ ሲቃጠል ልቀይር ነበር። ሥራው ግማሽ ቀን አይፈጅም። የቀረውን ግማሽ ቀን እሳቸውን ሳይ እውል ነበር።

«ሃሎ» አይሉም። «አቤት» ብለው ዝም ይላሉ። አንድ ቀን ለምን ዝም እንደሚሉ ጠየቅኋቸው።

«ትንፋሹን ልስማ ብዬ ነዋ» አሉኝ። «የንግድ ሰው ሳይተነፍስ ይናገራል። አማላጅ ፈላጊ አስቀድሞ ይስቃል። የሞት ወሬ የያዘ ሰው ግን መጀመሪያ ምራቁን ይውጣል።»

ፋብሪካው ሠራተኛ ያልመጣለት ሀገር አልነበረም። ከወለጋ፣ ከሐረር፣ ከወሎ፣ ከኤርትራ የመጣ ሁሉ ቤተሰቡ የሚያውቀው ያንኑ የፋብሪካውን ቁጥር ነው። እናት ስትሞት፣ ወንድም ሲሞት፣ በዚያ ዘመን ደግሞ ልጅ ግንባር ላይ ሲወድቅ፣ የሚደወለው እትዬ ታንጉት ጋ ነው። ቤተሰቦቹም ይህን ስለለመዱ «እዚያ አንዲት እናት አሉ፤ ለእሳቸው ብቻ ንገሯቸው» እየተባባሉ ነበር የሚደውሉት።

መርዶ የሚነገረው ጎህ ሲቀድ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ በሟች ዘመድ ደጅ መሆኑን አንባቢ ያውቃል። ከዚያ በፊት ባለቤቱ መስማት የለበትም። እትዬ ታንጉት ስለዚህ መስመሩን አያገናኙም። ማን እንደሞተ፣ የት እንደተቀበረ፣ ሌላ ማን እንደሚያውቅ ቀስ ብለው ይጠይቃሉ። ከዚያ ከመሳቢያቸው አንዲት የክብሪት እንጨት ያወጣሉ፣ ራሷን በጥፍራቸው ይቀነጥሳሉ፣ በዚያ ሰው ቀዳዳ ውስጥ ይወትፏታል። እስኪነጋ በዚያ ቀዳዳ የማንም መሰኪያ አይገባም፤ ስድ አፍ ዘመድ ቢደውል፣ ተተኪ ኦፕሬተር ብትቀመጥ፣ እንጨቷን አይታ ትመለሳለች። ሰውዬው ራሱ መጥቶ «ስልኬ አይሠራም» ቢላቸው «ተበላሽቷል ልጄ፤ ነገ ይሠራል» ይሉታል።

ከዚያ ወደ ውጭ መደወል ይጀምራሉ። የሐሰት መርዶ ኃጢአት ነው ይላሉና ሆስፒታል ይጠይቃሉ፣ የዚያን ከተማ ስልክ ቤት ይጠይቃሉ፣ በከተማው ያለውን የሟች ወገን ያፈላልጋሉ፣ ለእድሩ ዳኛ ይነግራሉ። ይህ ሁሉ በፋብሪካው ስልክ ነው። አይመዘገብም፤ ማንም ግን ያውቃል። ሥራ አስኪያጁ ራሳቸው እናታቸው ጎንደር ሲሞቱ አንድ ቀን ሙሉ «ስልኬ ተበላሸ» እያሉ ሲነጫነጩ ውለው፣ በማግሥቱ ማለዳ በራቸው ላይ ጋቢ የደረቡ ሰዎች አገኙ።

በማግሥቱ እንጨቷን ነቅለው ይጥሏታል። ክብሪት በራሽን በሚገኝበት ጊዜ አንዷን መልሰው ለምን እንደማይጠቀሙባት ጠየቅኋቸው።

«ያችኛዋ የሌላ ሰው ናት» አሉኝ።

ይህን ሁሉ አይቻለሁ። ዓይኔ እንደሆነ አያልፈውም። ያየሁትን መረዳት ግን ሌላ ነገር ነው።

አዲሷ ማሽን የመጣች ጊዜ አዲስ አበባ ለሥልጠና ተላክሁ። ስመለስ ነጭ ጋዋን ለብሼ፣ ከራሴ ጋር እየተነጋገርሁ ነው የምሄደው። ማሽኗ ቀዳዳ የላትም፤ ሁሉ ነገር በውስጧ ነው። የእትዬ ታንጉት ሰሌዳ ግን ገና አልተነሳም፤ ከውጭ የሚገባው ጥሪ በማሽኗ አልፎ ለእሳቸው ይደርስ ነበር። አንድ ሰው ሲደውል ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የደወለበትን የውስጥ ቁጥር፣ የተደወለለትን ቁጥርና የቆየበትን ጊዜ ትይዛለች፤ ከጎኗ ያለው ማተሚያ በሚንከባለል ወረቀት ላይ ያትመዋል። ሆዷ የሚይዘው ግን የተወሰነ ነው። ሲሞላ የድሮውን እየደመሰሰች አዲሱን ትጽፍበታለች። እንዳይጠፋ ከተፈለገ ሳይሞላ ማተም፣ በካሴት መገልበጥ ያስፈልጋል። እኔ አንዲት ጥሪ አልጠፋችብኝም። ወረቀቱ ከሐይቁ በሚመጣው እርጥበት እየሻገተ ሲያስቸግረኝ ጨው ቆልቼ፣ በጨርቅ ቋጥሬ በሣጥኑ ውስጥ አስቀመጥሁ፤ ሻጋታው ቆመ። ይህን ዘዴ ማንም አላስተማረኝም። ኮርቼበት ነበር።

ለእያንዳንዱ የውስጥ መስመር ጥሪው ይመዝገብ አይመዝገብ የምትወስን አንዲት አሃዝ አለች። አንድ ከሆነ ይመዘገባል፤ ዜሮ ከሆነ አይመዘገብም። ሥራ አስኪያጁ «የእኔን ዜሮ አድርገው» አሉኝ። የፋብሪካው ካድሬም እንዲሁ። አደረግሁ። የሌላውን ሁሉ አንድ አልሁት። የእትዬ ታንጉት ማዞሪያ ላይ ስደርስ እጄ ትንሽ ቆመች። ዜሮ ባስገባ የሚጠይቀኝ አልነበረም። አንድ እንዳስገባም ያዘዘኝ አልነበረም። ዝርዝሩ መሐሉ ላይ ክፍተት ሲኖረው አላምር አለኝ፤ አንድ አስገባሁ።

ማሽኗ ጥቂት ወራት በሙከራ ከሠራች በኋላ ተመረቀች፤ በምረቃው ቀን ግጥም አነበብሁ። ሁለት ስንኙን እዚህ የማስቀምጠው ለቅጣቴ ነው፦

ሰው ቢዘነጋ እንኳ፣ የሰው እጅ ቢደክም፣
አዲሷ ማዞሪያ የያዘችው አይጠፋም።

ቤት የመታልኝ መስሎኝ ነበር። ተጨበጨበ። ከፊት ወንበር ሆነው ከሁሉ ረዝመው ያጨበጨቡት ጋሽ መርጋ፣ የሽመናው የፈረቃ ኃላፊ ነበሩ። የወለጋ ሰው ናቸው፤ ግዙፍ፣ ዝምተኛ፤ ከማሽኑ ጩኸት የተነሳ አንድ ጆሯቸው የከበደ። አንድ ልጅ ነበራቸው፤ ቶለሳ። ብሔራዊ ውትድርና ሄዷል። ጋሽ መርጋ ሲያልፉ «ግጥምህ ጥሩ ነው፤ ለልጄ እጽፍለታለሁ» አሉኝ።

የምሳ ሰዓቱን መስመር ለመጀመሪያ ጊዜ ያስጀመርሁት በማግሥቱ ነው። እትዬ ታንጉት ምሳ ወጡ፤ እኔ ሲሠራ ለማየት ሽመና ክፍል ሄድሁ። ስልኩ ከጋሽ መርጋ ጠረጴዛ ላይ ነበር። ጮኸ። ፈገግ ብዬ «ያንሱት» አልኋቸው። ከውጭ የመጣ ጥሪ ያለ ሰው እጅ ገብቶ ሲነሳ ያ የመጀመሪያው ነበር።

ጋሽ መርጋ ደህና ጆሯቸውን አስጠግተው «እህ?» አሉ። ሌላ ምንም አላሉም። ድምፃቸው ጎርናና ነው፤ ግን በዚያ ጩኸት ላይ ለደዋዩ የማን ድምፅ እንደሆነ አይለይም። ሰውዬው መስመሩ እንዳይቆረጥበት እየጮኸ ስለነበር ለእኔም ተሰማኝ።

«እትዬ፣ የሽመናው መርጋ ልጅ ቶለሳ ዐርፏል። ለእሱ አይንገሩት። ሽማግሌ ይላኩልን፣ በጠዋት ያርዱት።»

የእኔ ፈገግታ ገና ከፊቴ አልወረደም ነበር። አውቃለሁ፤ ጉንጬን እንዳመመኝ ትዝ ይለኛል።

ጋሽ መርጋ ስልኩን እንደያዙ ቆሙ። ከዚያ እንደ ወትሮው ቀስ ብለው «እሺ» አሉ። «እነግረዋለሁ።»

ዘጉት። ወደ ሥራቸው ተመለሱ። የተበጠሰ ክር አገኙና ቀጠሉ፤ ሌላ የተበጠሰ አገኙና ቀጠሉ። ምሳ ሰዓት አልቆ እትዬ ታንጉት ሲመለሱ እጃቸውን ጠራርገው ወደ ማዞሪያው ክፍል ሄዱ። ተከተልኋቸው። በሩ ላይ ቆመው «መርዶ አለ» አሉ።

«ለማን?» አሉ እትዬ ታንጉት፤ እጃቸው ወደ መሳቢያው እየሄደ።

«ለመርጋ።»

እጃቸው መሳቢያው ላይ ቀረ። እኔን አዩኝ። አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ኖሮ ዛሬ ይህን ባልጻፍሁት ነበር ብዬ አስባለሁ።

ድንኳን ተተከለ። ችግሩም ከዚያ መጣ። ቶለሳ መሞቱን መንግሥት ለቤተሰቡ አላሳወቀም፤ በዚያ ጊዜ የግንባር ሞት ቶሎ አይነገርም ነበር። በፋብሪካው ደጅ ግን ሠራተኛው ሁሉ «በግንባር ለወደቀው ልጅ» ያለቅሳል። ካድሬው ወሬው በየት እንደገባ ለማወቅ ፈለገ፤ ማሽኗን አስታወሰ።

ስብሰባው ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ነበር። ሥራ አስኪያጁ፣ ካድሬው፣ እትዬ ታንጉትና እኔ። የታተመውን ጥቅል በብብቴ ይዤ ገባሁ።

«ጓድ ይበልጣል» አለ ካድሬው፤ «ይህ ጥሪ በየት ገባ?»

«በሁለተኛው የውጭ መስመር ገብቶ በቀጥታ ሽመና ሄደ» አልሁ። «እትዬ ታንጉት አላነሱትም። ወደዚያ የመራሁት እኔ ነኝ። እንዳላደርገው ነግረውኝ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ይህን ስናገር ቢያንስ አንድ ነገር እንደከፈልሁ ተሰምቶኝ ነበር። ካድሬው ግን ራሱን ነቀነቀ።

«ጥፋት አይደለም። ማሽኗ የታዘዘችውን ሠርታለች፤ አንተም በትክክል መርተሃል። ይህ በቃለ ጉባኤ ሊመሰገን ይገባል። አሁን የማዞሪያዋን መስመር አንብብልን።»

ማሽኗ ከገባች ወዲህ እትዬ ታንጉት ወደ ውጭ የደወሏቸው ጥሪዎች ሁሉ እዚያ ነበሩ። አንዷም አልጠፋችም። ሆስፒታሉ፣ የሩቅ ከተሞች ስልክ ቤቶች፣ የእድሩ ዳኛ ሱቅ፣ እንደገና ሆስፒታሉ። አነበብሁ። እኔ ያለኝ ድምፅ አንድ ነው፤ ግጥም የማነብበት ድምፅ። በእሱው አነበብሁ። እስከ ዛሬ በእንቅልፌ የምሰማው የቁጥሮቹን ዝርዝር አይደለም፤ እንዴት አሳምሬ እንዳነበብሁት ነው።

ስጨርስ ካድሬው «ይህች ሴት የግንባር ወሬ ስታዛምት ኖራለች» አለ። ሥራ አስኪያጁ በመስኮቱ ወደ ሐይቁ፣ ወደ ደንገሉ ያዩ ነበር። የእናታቸውን መርዶ ያመጡላቸው እትዬ ታንጉት መሆናቸውን እንዳሰቡ አውቃለሁ፤ ምክንያቱም ሲናገሩ ፊታቸውን ከመስኮቱ አላዞሩም።

«ሁላችንም የምናውቀው ነገር ነበር፣ እትዬ ታንጉት» አሉ። «አሁን ግን ተጻፈ።»

«በስሜ ይጻፍ ብዬው ነበር» አሉ እትዬ ታንጉት።

ሥራ አስኪያጁ ማድረግ የቻሉት ነገር ከእስር ማዳን ነው፤ ይህን መካድ አይገባም። እትዬ ታንጉት ወደ ፈትል ክፍል ተዛወሩ፤ ባዶ ማጠንጠኛ መልቀም። የማዞሪያው ክፍል ተቆለፈ፤ ማሽኗ ሁሉንም ጥሪ ራሷ ማከፋፈል ጀመረች። እኔ ደመወዝ ተጨመረልኝ። በግድግዳ ጋዜጣው ላይ ፎቶዬና ግጥሜ ጎን ለጎን ወጡ። ያንን ጋዜጣ በማለፍ ፈንታ በማቅለሚያው ጓሮ፣ በጭቃው ዞሬ እገባ ነበር።

አንድ ቀን በዚያ ጓሮ ጋሽ መርጋን አገኘኋቸው። ሸሽቼ ማለፍ አልቻልሁም፤ መንገዱ ጠባብ ነው።

«ያን ቀን አጠገቤ ነበርህ አይደል?» አሉኝ።

«ነበርሁ፣ ጋሼ።»

«ለሰውየው እነግረዋለሁ ብዬው ነበር። እስካሁን አልነገርሁትም።»

ይቅርታ ልል አፌን ከፈትሁ። ደህና ጆሯቸውን ወደ እኔ አዙረው እስክናገር ጠበቁ። ወደ ጭቃው ወርጄ መንገዱን ለቀቅሁላቸው። ትከሻዬን መታ መታ አድርገውኝ አለፉ።

መስከረም ከጠባ በኋላ እትዬ ታንጉት ወደ ማሽኑ ክፍል መጡ። ፀጉራቸው ላይ የጥጥ ብናኝ ነበር። በእጃቸው ራሷ የተቀነጠሰች የክብሪት እንጨት ይዘዋል።

«ሠላሳ ሁለት» አሉኝ። የመጋዘን ጸሐፊዋ ቁጥር ነው። መርዶው በስልክ አልመጣም፤ ከሀገሯ የመጣ ሾፌር ፈትል ክፍል ድረስ መጥቶ ነግሯቸዋል። ሰዎች አሁንም እሳቸውን ነበር የሚፈልጉት።

ማሽኗ ቀዳዳ ባይኖራትም የመስመሮቹ ሽቦ ሁሉ የሚገናኝበት መደርደሪያ ከኋላዋ አለ። በዚያ ለእያንዳንዱ መስመር ሁለት ቀጫጭን የናስ ምላሶች ይነካካሉ። ደረቅ እንጨት በመሐላቸው ከገባ መስመሩ ይሞታል። ይህን እኔ ነኝ አንድ ቀን ለወሬ ያህል ያሳየኋቸው። አልረሱትም።

«ብልሽት ተብሎ ይታተማል እኮ» አልኋቸው። «ይጠይቁኛል።»

«ተጠየቅ» አሉኝ።

እንጨቷን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠው ወጡ። ከወጡ በኋላ ብዙ ተቀመጥሁ። በመጨረሻ ተነስቼ አስገባኋት። ጠየቁኝ፤ «እርጥበት ነው» አልሁ። ከታና ዳር ላለ ሰው ከዚህ የሚሻል ሰበብ የለም። ከዚያ ወዲህ እየመጡ ቁጥር ይነግሩኛል፣ እንጨት ይሰጡኛል፣ እኔ አስገባለሁ። ስለ ሌላ ነገር አናወራም። ለእኔ ይቅርታ ይመስለኝ ጀምሮ ነበር። አልነበረም፤ ለሥራቸው ይሄዱ ነበር፣ በመንገዱ ላይ እኔ አለሁ።

የዚያን ዓመት ሰኔ፣ ዝናቡ በጀመረ ሰሞን፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መጡ። የዘንዘልማ ገበሬዎች እንጨት ሸጠው የሚመለሱበት ሰዓት ነው፤ በፈትል ክፍሉ አጥር ሥር ያልፋሉ። ማተሚያው ላይ ጎንበስ ብዬ ወረቀት እየቀየርሁ ነበር። ቀና ሳልል እጄን ዘረጋሁ።

«ስንት ቁጥር ነው፣ እትዬ ታንጉት?»

እጄ ባዶውን ቆየ። ቀና አልሁ። ክብሪቷን ይዘው አጠገቤ አልፈው ወደ መደርደሪያው እየሄዱ ነበር። ከላይኛው ረድፍ ጀመሩ፤ ሌላውን ግን አላዩም። ከሁሉ የመጀመሪያው ጥንድ ላይ ቆሙ። ቁጥር አንድ የማሽኑ ክፍል ነው። ስልኩ ከፊቴ፣ ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። ቁጥሩን የምታውቀው ዘንዘልማ ያለች እህቴ ብቻ ናት፤ አባቴ ካመማቸው ጊዜ ወዲህ ሰጥቻት ነበር።

እንጨቷን በሁለቱ ምላሶች መሐል አስገቧት።

«ማን ነው?» አልሁ።

«እኔ ምን አውቄ፣ ልጄ» አሉኝ። «መስመርህ ተበላሽቷል። ነገ ይሠራል።»

«እትዬ ታንጉት…»

«በጊዜ ግባ። ቤትህን ጥረግ፤ ወንበር ከጎረቤት ተበደር። እህል ቅመስና ተኛ።»

ወረቀቱን እንደያዝሁ ቀረሁ። ማወቄን ያውቁ ነበር፤ ማወቃቸውን አውቅ ነበር። ሆኖም ሁለታችንም ማለዳው እስኪመጣ የማያውቅ ሰው ሆነን መቆየት ነበረብን፤ ሥርዓቱ ይኼው ነው። ለጋሽ መርጋ የነፈግሁትን አንድ ሌሊት እሳቸው ለእኔ እየሰጡኝ ነበር። ልቀበለው የሚገባኝ ሰው አልነበርሁም፤ ግን ጠይቀው አልሰጡኝም።

ከነጠላቸው ላይ የጥጥ ብናኝ አራገፉ። ወጡ። ያ በር ሲዘጋ ይጮኻል፤ እሳቸው ግን እንዳይሰማ በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ቀስ አድርገው ዘጉት።